የትልቅ ሰው ቀበቶ በሕፃን ሆድ ላይ

እሑድ ጧት ነው። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቢሾፍቱ ወረድ ሊሉ ተሰናድተዋል። እናትየዋ ምሳውን በአገልግል ቋጥራ ከኋላ አስቀመጠች፤ አባትየው የመኪናውን ጎማ በእግሩ መታ መታ አድርጎ አየ። ልጆቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ታላላቆች እየተጋፉ መስኮት መስኮቱን ያዙ፤ የ5 ዓመቱ ታናሽ ግን እንደ ወትሮው መካከል ላይ ቀረ። መኪናው ዕድሜ የጠገበ ነው። በመስኮቶቹ በኩል ያሉት ቀበቶዎች በትከሻና በወገብ የሚያልፉ ሲሆኑ፣ የመካከሉ ግን ወገብ ብቻ የሚያስር ነው። እናትየዋ ያንኑ ቀበቶ ከወንበሩ ሥር ጎትታ አወጣችና በልጁ ሆድ ላይ አሳልፋ ዘለበቱን ቀጭ አደረገችው። ልንሸኛቸው ከበር ቆመን ነበርና፣ «ትንሹስ ይመቸው ይሆን?» ብለን ብንጠይቅ፣ «ለሱስ አይስጉ፤ እሱ እንኳ ታስሯል» ስትል በደስታ መለሰችልን።

መኪናው ሄደ። ያ «ታስሯል» የሚለው ቃል ግን ከጆሯችን አልወጣ አለ። እናትየዋ ቸልተኛ አይደለችም፤ እንዲያውም ብዙ ወላጅ ልጁን እንዲሁ ለቆ በሚነዳበት ዘመን እሷ አስራለች። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ቀበቶ የተሠራው በማን አካል ልክ ነው? ኀይሉስ የሚያርፈው በየትኛው የልጁ አካል ላይ ነው? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት መኪና ሲጋጭ ምን እንደሚሆን በጥቂቱ እንመልከት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስለዋል እንጂ፣ እሱም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው። መኪናው ከግንብ ጋር ተላትሞ ድንገት ቢቆም ሰውየው አብሮ አይቆምም፤ አንዳች ነገር እስኪያቆመው ድረስ በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት ይሄዳል። ፊዚክስ የሚማሩ ተማሪዎች አስልተው ሊያረጋግጡት እንደሚችሉት፣ ይህ ፍጥነት 10 ሜትር ያህል ከሚሆን ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ግድም የወደቀ ሰው መሬት ሊነካ ሲል ካለው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። በሰፈራችን መንገድ ላይ ቀስ ብለን የምንነዳ የሚመስለን እንግዲህ በዚህ ፍጥነት ነው።

የቀበቶ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው ተሳፋሪውን ከወንበሩ እንዳይወረወር መያዝ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ፣ ያ ሁሉ ኀይል በሰውነት ላይ የሚያርፍበትን ቦታ መምረጥ ነው። ኀይሉ በጠንካራ አጥንት ላይ ቢያርፍ ሰውየው ተጎድቶም ቢሆን ይድናል፤ አጥንት በሌለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ቢያርፍ ግን ያዳነው ቀበቶ ራሱ ያቆስለዋል። ስለዚህ ወገብ ብቻ የሚያስረው ቀበቶ በትክክል የሚውልበት ቦታ ወገብ አይደለም፤ ከወገብ ዝቅ ብሎ በዳሌ አጥንት ላይ፣ ከጭን ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው። እኛ ግን መቀነትንም ሆነ ዝናርን በወገባችን ላይ ማሰር የለመድን በመሆናችን፣ እጃችን የመኪናውንም ቀበቶ ሳናስበው ወደ ሆድ ከፍ ያደርገዋል።

ቀበቶ ወደ መኪና የመጣው ከአውሮፕላን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ናሽ የተባለው የአሜሪካ መኪና ሠሪ ኩባንያ በ1949 ለገዢዎቹ ቀበቶ አቀረበ። ይህም በሁለት ጫፍ ብቻ የተያያዘ፣ ወገብ ላይ የሚውል ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ በ1959፣ ኒልስ ቦሊን የተባለው የስዊድን ኢንጂኒየር ለቮልቮ ኩባንያ አንድ አዲስ ቀበቶ ሠራ። ቦሊን ወደዚህ ሥራ ከመምጣቱ አስቀድሞ በሳብ ኩባንያ አብራሪዎችን ከአውሮፕላን አስፈንጥረው የሚያወጡ ወንበሮችን ይነድፍ የነበረ ሰው ነው፤ ሰውነት ምን ያህል ኀይል በየት በኩል እንደሚችል ያውቅ ነበር። የሱ ቀበቶ በሦስት ቦታ የተያያዘ ሆኖ፣ አንዱ ክፍል በዳሌ ላይ፣ ሁለተኛው ክፍል ከትከሻ ተነሥቶ በደረት ላይ አግድም ያልፋል። ኩባንያውም ይህን ፈጠራ ሌሎች ኩባንያዎች ሁሉ ይጠቀሙበት ዘንድ ፈቀደ። በ1967 ቦሊን በስዊድን አገር ከደረሱ 28,000 አደጋዎች የተሰበሰበውን ማስረጃ አቅርቦ የቀበቶውን ጥቅም አስረዳ።

በአሜሪካን አገር ደግሞ ከጥር 1968 ጀምሮ ለሚሠሩ የቤት መኪናዎች ሁሉ ቀበቶ ግዴታ ሆነ። ሕጉ ግን ለፊተኞቹና ለኋለኞቹ እኩል አላደላም። ከፊት በጎንና በጎን ለሚቀመጡት የትከሻ ቀበቶ ሲያዝዝ፣ ከኋላ ለሚቀመጡት የወገቡ ብቻ ይበቃል አለ። ከኋላ የሚቀመጡት እነማን ናቸው? በአብዛኛው ልጆች ናቸው። ከቀበቶዎቹ ሁሉ ደካማው በዚህ ዓይነት ከተሳፋሪዎች ሁሉ ለደካማው ደረሰ።

አሁን ወደ ሕፃኑ አካል እንመለስ። ሕፃን አንሶ የተሠራ ትልቅ ሰው አይደለም። አራት ነገሮች ከትልቅ ሰው ይለዩታል።

መጀመሪያ የዳሌው አጥንት ነው። በትልቅ ሰው ዳሌ ላይ በግራና በቀኝ ከፊት በኩል ወጣ ያለ ጉብታ አለ። ቀበቶው ወደ ሆድ እንዳይንሸራተት ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። በልጅ ላይ ግን ይህ ጉብታ እስከ 10 ዓመት ግድም ድረስ በደንብ አልጎለበተም፤ ቀበቶው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ወደ ላይ ሸርተት ብሎ ሆድ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ የጭኑ ርዝመት ነው። ወንበሩ ለትልቅ ሰው ጭን የተለካ ስለሆነ፣ ልጅ ጀርባውን አስደግፎ ቢቀመጥ ጉልበቱ ከወንበሩ ጫፍ አይደርስም፤ እግሩም አይታጠፍለትም። ስለዚህ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ይጋደማል። ሲጋደም ቀበቶው ከዳሌው ተነሥቶ እምብርቱ ላይ ይወጣል። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ወንበሩ አልሆነውም።

ሦስተኛ ጭንቅላቱ ነው። የአራስ ልጅ ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህል ነው፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ድርሻው ይቀንሳል እንጂ በአንድ ቀን አይስተካከልም። ሆዱ ላይ ብቻ የታሰረ ልጅ ግጭት ሲደርስ እንደ ሰንጢ ከመካከሉ ይታጠፋል፤ ያ ከባድ ጭንቅላት ተወርውሮ ከራሱ ጉልበት ወይም ከፊቱ ካለው ወንበር ጀርባ ጋር ይላተማል።

አራተኛ የሆድ ዕቃው ነው። በልጅ ሆድ ውስጥ ጉበቱ፣ ጣፊያውና አንጀቱ ከትልቅ ሰው ያነሰ ሥጋና ያነሰ የጎድን አጥንት ከለላ አላቸው። ቀበቶው ከፊት ሲጫናቸው ከኋላ የጀርባ አጥንት ይጠብቃቸዋል፤ በሁለቱ መካከል ይጨፈለቃሉ።

ሐኪሞች ይህን ጉዳት ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። ቻንስ የተባለው የእንግሊዝ የራጅ ሐኪም በ1948 የጀርባ አጥንት ወደ ፊት በኀይል ሲታጠፍ አግድም የሚሰነጠቅበትን ዓይነት ስብራት ገልጾ ጽፎ ነበር። የወገብ ቀበቶ ከተስፋፋ በኋላ ይኸው ስብራት በመኪና ግጭት በተጎዱ ሰዎች ላይ ይታይ ጀመር። በ1962 ጋሬትና ብራውንስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ የሆድ ዕቃና የወገብ አጥንት ጉዳት አብረው ሲገኙ «የቀበቶ ሕመም» የሚል ስም ሰጡት። ምልክቱም በሆድ ላይ በቀበቶው ስፋት ልክ የሚታይ የበለዘ መስመር ነው።

ስለዚህ ምልክት ወላጆች ሁሉ አንድ ነገር እንዲያውቁ እንወዳለን። ከግጭት በኋላ ልጁ ተነሥቶ ቢሄድ፣ «ደኅና ነኝ» ቢልም እንኳ፣ በሆዱ ላይ ያ መስመር ከታየ ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። የተቀደደ አንጀት በመጀመሪያው ሰዓት ላይታወቅ ይችላልና። ሕመሙ ጎልቶ የሚወጣው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም በማግሥቱ ነው። ጀርባውን የሚያመው፣ እግሩ የደነዘዘው ወይም አልንቀሳቀስ ያለው ልጅ ከሆነ ደግሞ፣ የሕክምና ሰው እስኪመጣ ድረስ ከተጋደመበት ማንሣት አይገባም።

እዚህ ላይ ወጣት ባለሥልጣኖቻችን ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። የሕመሙ ስም በ1962 ከታወቀ፣ የሚሻለው ቀበቶም በ1959 ከተሠራ፣ ልጆች ከኋላ ወንበር ላይ በወገብ ቀበቶ ብቻ መታሰራቸው ስለ ምን ወዲያው አልቀረም? የአሜሪካ ብሔራዊ የመጓጓዣ ደኅንነት ቦርድ የወገብ ቀበቶ ያሠሩ ተሳፋሪዎች የነበሩባቸውን 26 የፊት ለፊት ግጭቶች መርምሮ፣ ቀበቶው ራሱ ብዙዎችን ክፉኛ እንደ ጎዳ የገለጸው በ1986 ነው። ለኋላ ወንበር በመስኮት በኩል የትከሻ ቀበቶ የታዘዘው ከታኅሣሥ 1989 ጀምሮ ለሚሠሩ የቤት መኪናዎች ነው። የመካከሉ ወንበር ግን አሁንም ተረሳ። በ1996 በዋሽንግተን ስቴት አንድ የ4 ዓመት ልጅ በትልቅ ሰው ቀበቶ ታስሮ ሳለ በመኪና አደጋ ሞተ፤ እናቱም ስለ ልጆች ቀበቶ ሕግ እንዲወጣ ስትከራከር ቆየች። በ2002 የወጣው የአገሪቱ ሕግ በልጁ ስም «የአንተን ሕግ» ተባለ። በዚሁ ሕግ መሠረት የመካከለኛው ወንበር የትከሻ ቀበቶ በአዲስ መኪናዎች ሁሉ ላይ የተሟላው በ2007 ነው። ከቦሊን ፈጠራ እስከዚያ ድረስ 48 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ አልነበረም። ሕጉ ሲጻፍ በጸሐፊዎቹ ሐሳብ ውስጥ የነበረው «ተሳፋሪ» ትልቅ ሰው ስለ ነበር ነው። «እያንዳንዱ መቀመጫ ቀበቶ ይኑረው» ተባለ፤ መቀመጫው ቀበቶ አገኘ፤ በመቀመጫው ላይ የሚቀመጠው ግን ማን እንደ ሆነ አልተጠየቀም። በቢሮ ተቀምጦ ደንብ ለሚያረቅ ወጣት ሁሉ ይህ ትምህርት ነው። ቅጹ ተሞላ ማለት ሰው ተጠበቀ ማለት አይደለም።

የትምህርት ቤት አውቶቡስም ነገር እንደዚሁ ነው። የካናዳ የመጓጓዣ መሥሪያ ቤት በ1984 አውቶቡሶችን ከግንብ ጋር አጋጭቶ ሲፈትን፣ በወገብ ቀበቶ ብቻ የታሰሩት አሻንጉሊቶች ራሳቸውን ከፊታቸው ካለው ወንበር ጋር ይበልጥ በኀይል ሲመቱ ተመለከተ። አሜሪካውያንም በ2008 ባወጡት ደንብ ትንንሽ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ከ2011 ጀምሮ የትከሻ ቀበቶ እንዲኖራቸው አዘዙ። ስለዚህ የተማሪ ማመላለሻ የሚገዛ ሰው «ቀበቶ አለው ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ምን ዓይነት ቀበቶ አለው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ወላጅ «እንግዲያማ ሳላስረው ይሻላል» ብሎ እንዳይደመድም እንሰጋለን። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ያልታሰረ ልጅ ከመኪና ውስጥ ሊወረወር፣ ከመስተዋትና ከብረት ጋር ሊላተም፣ ሌላውንም ተሳፋሪ ሊገድል ይችላል። ሌላ ምንም በማይገኝበት ጊዜ የወገብ ቀበቶ ከባዶ ይሻላል።

«በጭኔ ላይ አቅፌ እይዘዋለሁ» የሚልም አለ። በሚኒባስ ስንሳፈር ዘወትር የምናየው ነው። ነገር ግን እናስላ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ እንደ 140 ኪሎ ይከብዳል። ይህም አንድ ኩንታል እህል ከነ ግማሽ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። የእናት ፍቅር ብዙ ነገር ይችላል፤ ይህን ግን ክንዷ አይችልም። አቅፋው ራሷም በዚያው ቀበቶ ብትታሰር ደግሞ ልጁን በገዛ ሰውነቷና በቀበቶው መካከል ትጨፈልቀዋለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልካሙ ዜና መድኃኒቱ የታወቀ መሆኑ ነው። እናቶቻችን ሕፃን ሲያዝሉ ሆዱን በገመድ አያስሩም። አንቀልባው ጀርባውንና መቀመጫውን በሙሉ ይደግፋል፤ ጠፍሩም የሚታሰረው በእናት ትከሻና ደረት ላይ ነው። የስዊድኑ ሐኪም በርቲል አልድማን በ1960ዎቹ የጠፈር ተጓዦችን ወንበር አይቶ ሕፃናት ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው የሚቀመጡበትን የመኪና ወንበር ሲሞክር፣ ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ ይዞ ነበር። ኀይሉ በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ሳይሆን በጀርባ፣ በአንገትና በራስ ላይ ተከፋፍሎ እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

ወላጆች ሊያደርጉት የሚገባው ይህ ነው። ሕፃንና ትንሽ ልጅ የራሱ ማሰሪያ ባለው የሕፃን ወንበር ውስጥ ይቀመጥ። ማሰሪያው በሁለቱ ትከሻ፣ በሁለቱ ዳሌና በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ወንበሮች ከመኪናው ጋር በወገብ ቀበቶም ቢሆን ሊጠፈሩ ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ያ ደካማ ቀበቶ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ የሚያስረው ወንበሩን እንጂ ልጁን አይደለምና። ከወንበሩ ጋር የሚመጣውን መምሪያ አንብቦ ለልጁ ክብደት የተፈቀደ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ እነዚህ ወንበሮች በቤት መኪና ውስጥ የሚደርሰውን ሞት ከ1 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ በ71 ከመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉት ላይ በ54 ከመቶ ይቀንሳሉ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር ግን የአየር ከረጢት ባለው የፊት ወንበር ላይ ከቶ አይቀመጥም።

ከዚያ ከፍ ያለው ልጅ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ይህ መቀመጫ ልጁን አንሥቶ የትልቁ ሰው ቀበቶ በትክክለኛ ቦታው ላይ እንዲውልለት ያደርጋል። ልብ በሉ፤ ይህ መቀመጫ የሚያገለግለው የትከሻ ቀበቶ ካለ ብቻ ነው። በወገብ ቀበቶ ብቻ ቢጠቀሙበት ልጁን የሚይዘው ነገር ሳይኖር ራሱን ከፍ አድርጎ ለግጭት ያቀርበዋል። የትከሻውን ቀበቶ «አንገቴን ነካኝ» ብሎ ከጀርባው ኋላ የሚያደርግ ልጅም፣ ሳያውቅ ያንኑ የወገብ ቀበቶ ለራሱ እንደ ሠራ ይቆጠራል።

ልጁ ከመቀመጫው የሚሰናበተው ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ነው። ይህም በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሳል። ፈተናው ቀላል ነው። ጀርባው ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ ጉልበቱ በወንበሩ ጫፍ ላይ ይታጠፋል ወይ? የታችኛው ቀበቶ በሆድ ሳይሆን በዳሌ ላይ ነው ወይ? የላይኛው በአንገት ሳይሆን በትከሻና በደረት መካከል ያልፋል ወይ? እስከ መንገዱ መጨረሻስ እንዲሁ መቀመጥ ይችላል ወይ? ከአራቱ አንዱ እንኳ «የለም» ከተባለ ጊዜው አልደረሰም።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን የሚያውቁት ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው ነው። በአገራችን መንገድ ላይ ግን 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለገሉ መኪናዎች ብርቅ አይደሉም፤ ብዙዎቹም የተሠሩበትን ዘመን ቀበቶ እንደ ያዙ ይኖራሉ። ሕግ የሚወጣው ለአዲሱ መኪና ነው፤ ልጅ የሚሳፈረው ግን ባለው መኪና ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የወላጅ ዕውቀት ብቻ ነው።

ጎረቤቶቻችን ያን ዕለት ማታ በደኅና ተመለሱ። እኛም ቡና ሲፈላ ጠብቀን የምናውቀውን ነገርናቸው። እናትየዋ ብዙ አልተናገረችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ጧት፣ ያቺው መኪና ከበር ቆመች። ከአሜሪካ የመጣች እኅቷ ያመጣችላት አዲስ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፤ ትንሹ ልጅ እሱ ላይ ሆኖ የትከሻ ቀበቶ አድርጎ ውጭውን ያያል። ቁመቷ ከእናቷ ጋር የተስተካከለው የ14 ዓመት ታላቅ እኅቱ ከፊት ከአባቷ ጎን ተቀምጣለች። እናትየዋ ደግሞ የፊቱን ወንበር ትታ፣ በልጆቿ መካከል ገብታ፣ ያቺኑ የወገብ ቀበቶ ከሆዷ ዝቅ አድርጋ በዳሌዋ ላይ አጥብቃ አስራለች። እሷም ብትሆን የትከሻ ቀበቶ ቢኖራት ይሻላት ነበር፤ ነገር ግን ካለው ነገር ውስጥ ደካማውን ከልጇ ላይ ወደ ራሷ አዛወረችው።

በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አሁንስ ታስሯል ልበል?» ስትል ጠየቀችን።

«አዎን፣ አሁንስ ታስሯል» አልናት።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ለልጅ ቀበቶም ቢሆን ከማሰር በፊት ማወቅ ይቅደም እንላለን።